ሞተር ሳይጠፋ የተጀመረ ሽምግልና

መኪና የሌለው ሰው መኪና እንዲሰጠው ይለምናል። መኪና ያለው ሰው ደግሞ በየማለዳው ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ይለምናል። እኔ ሁለቱንም ልመና አይቻቸዋለሁ። የሚብሰው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ጎረቤት በመስኮት እያየ ነው የሚለመነው።

መኪናዋን የሸጠልኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። «እንደ እኅቴ ነው የያዝኳት» አለኝ። እኅቱን አይቻት ባላውቅም፣ ከመኪናዋ ተነሥቼ ስገምት ኑሮዋ ከባድ ሳይሆን አይቀርም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንዲህ ነው። ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቤተ መጻሕፍት የምሠራ፣ ከቤቴ እስከ ሥራዬ በእግሬ ሩብ ሰዓት የማይፈጅብኝ ሰው፣ ያጠራቀምኩትን ሁሉ አራት ጎማ ላይ አስቀመጥኩት።

እንዲያው ለጉራ ገዛሁ እንዳትሉኝ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ምክንያቱ ስንዱ ናት። ስንዱ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። በክረምት ማታ ማታ ከፋርማሲው በር ላይ ቆማ፣ ጫማዋ ውሃ እየጠጣ፣ የማይመጣ ሚኒባስ ስትጠብቅ አያታለሁ። ለራስ ምታት መድኃኒት እገዛለሁ እያልኩ ስመላለስ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ራስ ምታቱ እሷ መሆኗን ነገርኳት። እሷም «እሱንማ ካወቅኩት ቆየሁ፤ አንድ ሰው በሳምንት ይህን ያህል ኪኒን ቢውጥ ይሞት ነበር» አለችኝ። እንዲህ ነው የተዋወቅነው።

ተዋውቀን ተስማማን፤ የቀሩት አባቷ ነበሩ። አያ ታደገ ይባላሉ፤ ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ሰውየው ክፉ አይደሉም። አንድ አመል ብቻ አለባቸው፤ ሽማግሌ ማመላለስ ይወዳሉ። «እንቢ» አይሉም፣ «እሺ» አይሉም፣ ቀጠሮ ይሰጣሉ። የስንዱን ታላቅ እኅት የጠየቀው ሰው ሽማግሎቹን ዘጠኝ ጊዜ ልኮ፣ በአሥረኛው ሽማግሎቹ ራሳቸው ሌላ ሴት አጋቡት።

የእኔ ሽማግሎች ሁለት ጊዜ ሄደዋል። የመጀመሪያው መልስ «ከወንድሜ ልማከር» ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ከሽማግሎቹ አንዱ መሪጌታ ይባቤ ነገሩን ሊያሳምሩ ብለው «ልጃችን እኮ ማኪና አለው» አሉ። አያ ታደገ ጥቂት አሰቡና «ማኪና ካለው ምነው እናንተን በሚኒባስ ጭኖ ላከ? በሉ በወሩ መጨረሻ እሑድ፣ በማኪናው ኑ» ብለው ሸኟቸው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚባለው ለካ ለመሪጌታም ይሠራል።

ስንዱ ይህን ስትሰማ ፊቷ ቀላ። «እንደ እኅቴ ቀጠሮ ስቆጥር አላረጅም» አለች። «እሑድ መልስ ከመጣ መጣ። አባቴ አሁንም ቀጠሮ ከሰጠ ግን ነገሩ ይቅር፤ አንተም ሰው ነህ፣ እኔም ሰው ነኝ።» ስንዱ የምትለውን የምታደርግ ሰው ናት። ስለዚህ ያ እሑድ የሞት ሽረት ሆነብኝ። መኪናዋ ደግሞ በዚያው ሳምንት ጋራዥ ውስጥ ተኝታለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የተኛችው ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጋሽ መርሻ ጋራዥ ነው። ጋሽ መርሻ የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ ከሦስቱ ሽማግሎቼም አንዱ እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲሠሩ የኖሩት ትልልቅ የጭነት መኪና ነው። የኔዋን ሲያዩ፣ ሐኪም አዲስ የተወለደ ሕፃን እንደሚያነሣ በአንድ እጃቸው ሊያነሷት ቃጣቸው። ሕመሟ መንቀጥቀጥ ነበር። ስትቆም ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ቀጥ ትላለች፣ ከመሪው ፊት ለፊትም አንዲት ቢጫ መብራት ትበራለች።

ጋሽ መርሻ ኮፈኑን ከፍተው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። «ካንዴላ ነው» አሉ። ካንዴላ ተቀየረ። «ባትሪ ነው» አሉ። ባትሪ ተቀየረ። ከዚያ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ሊያጸዱ ፈለጉት። ጠዋት ፈለጉት፣ ከሰዓት ፈለጉት፣ በማግስቱም ፈለጉት። በሦስተኛው ቀን ጠርተውኝ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ካርቡራተሩን ሰርቀውሃል» አሉኝ።

ይቺ መኪና ከነጭራሹ ካርቡራተር ኖሯት የማያውቅ ዓይነት መሆኗን ያወቅነው ኋላ ነው። ጋሽ መርሻ ግን ፍለጋቸውን ሳያቋርጡ በተሳፋሪው እግር በኩል፣ ከምንጣፉ ሥር፣ ብዙ ሽቦ የተሰካበት አንድ የብረት ሣጥን አገኙ። ምን እንደሆነ አላወቁም። ያላወቁትን ነገር ደግሞ ጋሽ መርሻ ያጸዱታል። የማያውቁትን ዕቃ ከመጠየቅ ይልቅ ማጠብ የእጅ ሥራቸው ክብር ነው። ሣጥኑን ፈቱ፣ ከፈቱ፣ በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ ጥርግርግ አድርገው አጠቡት፣ ከዚያም ከቱታቸው ጎን ፀሐይ ላይ አሰጡት። ሲደርቅ መልሰው ገጠሙት። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ መኪናዋ መንቀጥቀጥ ተወች። መነሣትም ተወች።

በመጨረሻ ሰው «ማራኪ ሰፈር ሐሰን የሚባል ልጅ አለ፤ መኪናን በላፕቶፕ ያክማል» አለኝ። ሣጥኑን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ሐሰን ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ሣጥኑን ከፈተ። ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ቤንዚን ያጠጣው ማነው?»

«እኔ አይደለሁም» አልኩት።

«ይኼ የመኪናዋ ኮምፒዩተር ነው እኮ። አንጎሏ በለው። ቤንዚኑ መቼ እንደሚረጭ፣ እሳቱ መቼ እንደሚሰጥ የሚያዘው እሱ ነው።»

አንጎሏን ነው ጋሽ መርሻ በጥርስ ብሩሽ የፈተጉት። ለሐሰን ሁሉንም ነገርኩት። ሳይስቅ ካዳመጠኝ በኋላ «ብሩሹ ጠንካራ ነበር ወይስ ለስላሳ?» አለኝ። ሐኪም ቤት እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ የጠየቀኝ የለም።

ሐሰን በአጉሊ መነጽር እያየ፣ የተቃጠሉትን ጥቃቅን ነገሮች ነቅሎ ከሌላ የሞተ ሣጥን ላይ በወሰዳቸው ተካ። ሁለት ቀን ፈጀበት። ሦስተኛው ቀን «አካሉ ድኗል፤ የሚያውቀውን ግን ረስቷል። ፕሮግራሙ እንደገና መጻፍ አለበት» አለኝ። ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት ማውረድ ጀመረ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ስክሪኑ ላይ የምታድገውን ሰማያዊ መስመር እያየሁ ስጸልይ ዋልኩ። መስመሯ ሞላ ልትል ስትል መብራት ጠፋ። መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ሄደ። ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ጠፋ። ሁለቱ እንዳይገናኙ የተማማሉ ባላንጣዎች ይመስሉ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ምሕረት ወርዶ ሁለቱም ተገናኙ፣ ፕሮግራሙ ተጻፈ፣ ሣጥኑ መኪናዋ ላይ ተገጠመ።

ሐሰን ላፕቶፑን በሽቦ ከመኪናዋ ጋር አያይዞ አንድ ነገር ሲነካ ሞተሩ ተነሣ። ሐሰንን አቅፌ ሳምኩት። ስሜው ሳበቃ «አንድ ነገር ቀርቷል» አለኝ።

«ምን?»

«ይቺ መኪና ሌባ እንዳይወስዳት ቁልፏን በምስጢር ቁጥር ነው የምትለየው። አዲሱ ፕሮግራም ያንተን ቁልፍ አያውቀውም። ቁጥሩን አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ሰኞ ይልክልኛል። እስከዚያ እኔ በላፕቶፕ አታልዬ አስነሣታለሁ።»

«ካጠፋኋትስ?»

«ያለ እኔ አትነሣም።»

«አንተ ነገ አብረኸኝ ናዋ!»

«ነገ የአጎቴ ልጅ ኒካሕ ነው። ጠዋት አስነሥቼ እሰጥሃለሁ። ሄደህ እስክትመለስ አታጥፋት፤ በቃ።»

እንግዲህ በገዛ መኪናዬ ሌባ ሆንኩ ማለት ነው። ለስንዱ ደውዬ ሁሉንም ዘከዘክኩላት። ሰማችኝና «እና ካጠፏት በጭራሽ አትነሣም?» አለች። «ያለ ሐሰን በጭራሽ» አልኳት። «አይዞህ» አለችኝ። ድምፅዋ የተጨነቀ ሰው ድምፅ አልመሰለኝም፤ ሊያጽናናኝ የፈለገች ነው ብዬ አመሰገንኳት።

ቀጥሎ የመጣው ጭንቅ መኪናዋን ማን ይነዳል የሚል ነበር። በአገራችን ወግ ጠያቂው ከሽማግሎቹ ጋር አይሄድም፤ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሽማግሎቹ ሦስት ናቸው፤ መሪጌታ ይባቤ የቅኔ መምህር፣ ሐጂ ኑሩ ነጋዴና የቤቴ አከራይ፣ ጋሽ መርሻ አጣቢው። ሦስቱም አባትየው ፊት መቆም አለባቸው። ከመኪናዋ ጋር ደግሞ አንድ ሰው መቅረት አለበት። ሹፌር ልቀጥር ብዬ ያናገርኳቸው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሞተር አላጠፋም ስላቸው ጤናዬን ተጠራጠሩ። መሪጌታ «ጠያቂ አብሮ ይሂድ? ነውር ነው!» ብለው ተቆጡ። ሐጂ ኑሩ ናቸው የገላገሉን። «ሹፌር ነው እንላለን። የሹፌርን ስም ማን ይጠይቃል?» አሉ። ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አበደሩኝ።

እሑድ ጠዋት ሐሰን ኒካሕ የሚሄድበትን ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ መጣ፣ ላፕቶፑን ሰክቶ መኪናዋን አስነሣ፣ «አደራ» ብሎን ሄደ። ወለቃን አልፈን ሽቅብ ስንጀምር ነገሩ ሁሉ ሸጋ ነበር። ችግሩ ስንቆም ነው። መኪናዋ በቆመች ቁጥር ሞተሯ በራሱ ፈቃድ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ከፍ ይላል።

«ምንት ውእቱ ዝንቱ?» አሉ መሪጌታ ከፊት ወንበር። «ይቺ ማኪና ምን ሆና ነው የምታናፋ?»

«እየተማረች ነው አባቴ። ፕሮግራሙ አዲስ ስለሆነ፣ መቆም እስክትለምድ ነው።»

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ለመኪናዋ አዘኑላት። «ተዋት እንግዲያ። የኔም ተማሪዎች መጀመሪያ ሲገቡ እንዲሁ ነው የሚጮኹ» አሉ።

አምባ ጊዮርጊስ መግቢያ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። «ሞተር አጥፋና ውረድ» አለኝ። ወረድኩ፤ ሞተር ግን አላጠፋሁም። «አጥፋ አልኩህ!» አለ። «አልችልም» አልኩት። ባርኔጣዬን አየ፣ ጥቁር መነጽሬን አየ፣ የማላጠፋውን ሞተር አየ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አስር ነበር። ሐጂ ኑሩ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ሽማግሎች ነን። ለልጃችን ሚስት ልንጠይቅ ነው። ብታቆየን ሰርግ ይቀራል» አሉት።

ፖሊሱ ወደ ውስጥ አጎንብሶ ሦስቱን ሽማግሎች አንድ በአንድ አያቸው። ፊቱ ፈታ አለ። «ልጁስ የታል?» ብሎ ጠየቀ።

«ቤቱ ተቀምጦ ይጸልያል» አሉ ሐጂ።

እየጸለይኩ ስለነበር ግማሹ እውነት ነው። ፖሊሱ «ይቅናችሁ» ብሎ አሳለፈን።

አያ ታደገ ግቢ የደረስነው አምስት ሰዓት ግድም ነው። ከአስፋልቱ ወጥተን አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬደውን ኮረኮንች በመኪና ተንገጫገጭንበት። ሽማግሎቹ ልብሳቸውን አራግፈው ወደ ቤት ገቡ። እኔ አጥሩ ጥግ አቁሜ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፌ፣ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ተቀመጥኩ። መኪናዋ ታናፋለች። የአያ ታደገ በቅሎ ጆሮዋን አቁማ ታያታለች። ዶሮዎቹ ግቢውን ለቀው ወደ ጎረቤት ሄዱ።

ጥቂት ቆይቶ የስንዱ እናት፣ ወይዘሮ ጥሩዬ፣ ብቅ አሉ። «ምነው ልጄ፣ በፀሐይ ትቀቀላለህ? ግባ እንጂ።»

«መኪናዋን ትቼ እንዴት…»

«ማን ሊወስዳት? ይህን ድምፅ ሰምቶ የሚጠጋት ሌባ የለም። በኔ ቤት ሹፌር ደጅ አይውልም፤ ተነሥ!»

እንቢ ማለት የባሰ ሊያስጠረጥር ነው። ቁልፉን እንደተሰካ ትቼ ገባሁ። ሦስቱ ሽማግሎቼ በወጉ መሠረት አንቀመጥም ብለው ከግድግዳው ሥር ቆመዋል። እኔን ሲያዩ መሪጌታ ሳል ያዛቸው። አያ ታደገ ዘንጋቸውን ተደግፈው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ረዥም ሰው ናቸው፣ ተቀምጠው እንኳ ይረዝሙኛል። በሩ አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ኩርምት አልኩ።

የሰማሁት ነገር ጉድ ነው። ሐጂ ኑሩ «ቁመቱ መለሎ ነው» ይላሉ። መሪጌታ «ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ በጥበብም በንብረትም የደረጀ» ይላሉ። ጋሽ መርሻ «ማኪናው ፍጹም ጤነኛ ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ ያየሁት» ይላሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ እዚያ ቤት ውስጥ ግን በየደቂቃው እየከበደ አናቴ ላይ ይጫን ነበር። ሽማግሌ ለማስማማት መዋሸቱን አውቃለሁ። ያ ስለ እሱ የሚወራለት መለሎ ልጅ ግን አስቀናኝ። ስንዱን ለእሱ ቢድሯት ምን ይውጠኛል?

አያ ታደገም እንደኔው ሳይጠራጠሩ አልቀሩም። ድንገት ወደኔ ዞሩ። «አንተ ሹፌር፣ ልጁን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እስኪ አንተ ንገረኝ። ሽማግሌ ያስውባል፤ አንተ ምን ቸገረህ።»

መሪጌታ አሁን ሳላቸው ጠናባቸው። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሣጥን፣ ቤንዚን፣ መብራት፣ ቁልፍ ሲያደክሙኝ ሰንብተው፣ ለውሸት የተረፈ አቅም አልነበረኝም።

«ቁመቱ ከኔ አይበልጥም» አልኩ። «ዕድሜው ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ደመወዙ ብዙ አይደለም። መኪናዋም አሮጌ ናት፤ ትናንትና ነው ከሕመም የተነሣችው። የገዛት ልጅዎ በዝናብ ቆማ ሚኒባስ ስትጠብቅ አይቶ ነው። ከገዛት ወዲህ ግን መኪናዋ ልጅዎን ያደረሰችባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ይልቅ ልጅዎ ናት ስትገፋት የኖረች። አንድ ቀን አማርራ አታውቅም። እሱ በገፋች ቁጥር ያፍራል። ከዚያ የበለጠ የሚወዳት ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።»

ሐጂ ኑሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ መርሻ ጣሪያውን አዩ። አያ ታደገ ዘንጋቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ አደረጉና «ሸጋ» አሉ። ልቤ ዘለለ። «ሸጋ ነው። እንግዲህ ከወንድሜ ልማከርና፣ አጨዳው ሲያልቅ ተመለሱ።»

ያቺን ደቂቃ አልረሳትም። ሽማግሎቹ እጅ ነሥተው ወደ በሩ ዞሩ። እኔም ከበርጩማዬ ተነሣሁ። ስንዱ «ይቅር» እንዳለች ታወሰኝ፤ እሷ ደግሞ ቃሏን አታጥፍም። ከኋላቸው እየተጎተትኩ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልገባኝም። ዶሮዎቹ ተመልሰዋል። በቅሎዋ ሣሯን ትግጣለች። ጸጥ ብሏል።

መኪናዋ ጠፍታለች!

ወይዘሮ ጥሩዬ ከመኪናዋ በር ጎን ቆመው ቁልፉን ዘረጉልኝ። «ነዳጅ እንዲህ በታጣበት ዘመን ምነው በከንቱ ይነድዳል ብዬ አጠፋሁልህ» አሉ። ተቀብዬ አዞርኩት። ምንም። ደግሜ አዞርኩት። ጋሽ መርሻ ኮፈኑን ከፍተው ጆሯቸውን ሰጡ፤ የሚሰማ ነገር የለም። ለሐሰን ደወልኩ። ከዘፈንና ከእልልታ መሐል «ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ!» ብሎ ጮኸልኝ።

በእግር አስፋልት ድረስ እንዳንሄድ የመሪጌታ ጉልበት አይችልም። አያ ታደገ ሁኔታውን አይተው «ምን ችግር አለ፣ እዚሁ ታድራላችሁ። በሉ ግቡ፣ ምሳ ይቅረብ» አሉ።

«አንበላም» አሉ መሪጌታ።

«ምነው?»

«የጠየቀ ወገን መልስ ሳይሰማ የዚያን ቤት እህል አይቀምስም። ወጉን እርስዎ ያውቁታል።»

«ቀጠሮ ሰጠኋችሁ አይደለም እንዴ?»

«ቀጠሮ መልስ አይደለም።»

«እስከ ነገ ጦማችሁን ልታድሩብኝ ነው?»

«እናድራለን» አሉ መሪጌታ። ሐጂ ኑሩም «እኛ ጾም አይከብደንም» ብለው ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ቁጭ አሉ። ጋሽ መርሻ ብቻ ጾም የከበዳቸው ይመስሉ ነበር፤ እሳቸውም ግን አልተናገሩም።

አያ ታደገ ግቢውን ይዞሩት ጀመር። ሽማግሌ ሲያመላልሱ የኖሩት ሽማግሌ ስለሚሄድላቸው ነበር። የማይሄድ ሽማግሌ ገጥሟቸው አያውቅም። ጎረቤት በአጥሩ በላይ ማየት ጀምሯል። ነገ «ታደገ ሦስት ሽማግሌ አስርቦ አሳደረ» ሲባል ዳባት ገበያ እንዴት ይቆማሉ? ሲዞሩ ቆይተው ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«አንተ እንኳ ና ብላ። ሹፌር የሽማግሌ ወግ ምን ቸገረው!»

አስገብተው መሶቡ ፊት አስቀመጡኝ። ሐጂ ስላሉ ሥጋ የለበትም፤ ቅቤ የገባበት ሽሮ፣ የተጠበሰ እንቁላል፣ አይብ። ከሌሊቱ ጀምሮ እህል ባፌ አልዞረም። እጄን ልዘረጋ ስል መልስ የምጠብቀው ዋናው እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ። ብበላ መልሱን ራሴ በገዛ እጄ ዋጥኩት ማለት ነው።

«ጠግቤያለሁ» አልኩ። ሆዴ ከመኪናዋ በበለጠ ጮኸ።

አያ ታደገ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ዕድሜዬን ሙሉ እህል ጭኜ ከሹፌር ጋር ጎንደር ተመላልሻለሁ» አሉ። «ብዙ ዓይነት ሹፌር አይቻለሁ። ጠግቤያለሁ የሚል ሹፌር ግን አላየሁም። መነጽርህን አውልቅ።»

አወለቅኩ።

«ስምህ ማነው?»

ስሜን ነገርኳቸው። ሽማግሎቹ ይሰሙ ነበርና በር ላይ ተደራርበው ቆመዋል። አያ ታደገ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ያን ሁሉ የተናገርኸው ስለ ራስህ ነው?»

«አዎ።»

«ቁመቱ ከኔ አይበልጥም ያልኸውም?»

«አዎ።»

«ልጄ እውነት ማኪና ትገፋለች?»

«ትገፋለች። ከኔ ይልቅ እሷ ትገፋለች።»

ሳቁ። ሳቃቸው እያደገ ሄዶ ዘንጉ ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ሳቁን ትተው በሌላ ድምፅ ተናገሩ። «ለታላቋ የመጡት ሽማግሎች ዘጠኝ ጊዜ ሲመላለሱ የልጁን አንድ ጉድለት አልነገሩኝም። እኔ ደግሞ ጉድለት የሌለው ሰው እፈራለሁ። ልጄን ለማላውቀው ሰው ከምሰጥ ቀጠሮ ብሰጥ ይሻላል እያልሁ ነው ዕድሜዋን ያሳለፍሁባት።» መሶቡን ወደኔ ገፋ አደረጉ። «ብላ።»

«ልብላ?»

«ብላ አልሁህ እኮ። እናንተም ግቡና ቁጭ በሉ።»

«መልስ ነው?» አሉ መሪጌታ ከበሩ፤ እርግጠኛ ሳይሆኑ አንድ እግራቸውን እንኳ አላስገቡም።

«መልስ ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

መሪጌታ ይባቤ ማዕድ ሲባርኩ ወጥ እንደሚቀዘቅዝ ጎንደር ያወቀው ነው። የዚያን ዕለት ምርቃት ግን ከአሜን አይረዝምም ነበር። እኔ አቀርቅሬ ቀረሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ሰው ፊት አለቀስኩ፤ አላፍርም።

ወይዘሮ ጥሩዬ የእጅ መታጠቢያውን ይዘው ሁሉንም ካስታጠቡ በኋላ መጨረሻ ላይ እኔ ዘንድ መጡ። ውሃውን እጄ ላይ እያፈሰሱ፣ ባላቸው እንዳይሰሙ አጎነበሱ።

«ዛሬም በቀጠሮ ሊሸኛችሁ እንደሆነ ትናንት ነው የነገረኝ» አሉ። «ስንዱ ደውላ ቁልፉ በየት በኩል እንደሚዞር ባታስረዳኝ፣ እኔ ማኪና ማጥፋት ከየት አውቄ?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ፎጣውን ሰጡኝና «ለእሱ እንዳትነግር» አሉኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ ለአያ ታደገ ትንፍሽ አላልኩም። ለእናንተም የነገርኳችሁ ወሬውን ዳባት ድረስ እንደማታደርሱት አምኜ ነው።